ባዶ የተባለው ሜዳ

"እማማ፣ እሱ እኮ ገመድ ማሰሪያ አይደለም!"

እማማ ሳሙና ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ደህና ነው። ግን የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ እርጥብ አንሶላ በትከሻቸው ተሸክመው ስለነበር መልስ የሚሰጥ አፍ አልተረፋቸውም። ገመዱን ቀይና ነጭ በተቀባው ረጅም ዘንግ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት፤ ቋጠሩት፤ ሳብ አድርገው ሞከሩት። ዘንጉ ጎበጥ አለ እንጂ አልወደቀም። ዘወር ያሉት ያኔ ነው።

"ካልሆነማ ለምን ገመዴ አጠገብ ተከልሽው?"

ልጅቷ ባለ ሦስት እግሩ መሣሪያዋ ላይ የደፋችውን አንገቷን ቀና አደረገች። ቢጫ ሰደርያ ለብሳለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። መሐንዲስ መሆኗን ለማወቅ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ማንበብ አያስፈልግም ነበር።

"እኔ ለመለኪያ ነው የተከልኩት። በዚህ መነጽር ዘንጉ ካልታየኝ ቁጥሩ ይበላሽብኛል። አሁን የሚታየኝ የሰው ሱሪ ነው።"

"የሰው አይደለም፤ የጥርስ ሐኪሙ ነው።"

መሐንዲሷ ሳቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ አመለጣት።

"ሳቂ፣ ሳቅ ደግ ነው" አሉ እማማ ሳሙና፣ ሌላውን አንሶላ እያራገፉ። "ስትጨርሺ ይህን እንጨትሽን ይዘሽልኝ ሂጂ። ሜዳው ሥራ ላይ ነው።"

"እንጨቱን ብወስደውም ሜዳው አይተርፍም እማማ" አለች መሐንዲሷ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፕላኑ ላይ መኪና ማቆሚያ ሆኗል።"

እማማ ሳሙና ያሏቸው እጃቸው ሳሙና ሳሙና ስለሚሸት ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ በምላሳቸው ነው። ዓይን ውስጥ እንደገባ ሳሙና ሰውን አስለቅሶ ያጠራል። በዚህ ምላስ ሠላሳ አንድ ዓመት ደንበኛ አስተዳድረውበታል፦ የሁለት ፔንሲዮን አንሶላ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጋዋንና ሱሪ፣ የጋራዡ ሠራተኞች ቱታ። ሁሉም ታጥቦ የሚሰጣው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ግቢ የሌለው ጎረቤት ሁሉ፣ የአሥራ ሰባት ቤት ልብስ፣ ፀሐይ የሚያየው እዚሁ ነው። አራቱን የብረት ምሰሶዎች የተከሉት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ሲሚንቶ ስላልነበራቸው ሥሩን በድንጋይ ጠቅጥቀው። የእማማ ሳሙና ቤት አንድ አንሶላ ቢሰጣበት ሰው በረንዳ ማደር ያለበት ቤት ነው። ሜዳው ሄደ ማለት ሥራው ሄደ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ እማማ ሳሙናም አልቆጠሩም።

አንሶላው በትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። ውሃው በጀርባቸው ሲወርድ እንኳ አልተሰማቸውም።

"መኪና ማቆሚያ ያለው ማን ነው?"

"ጥናቱ ባዶ ቦታ ነው ይላል።" መሐንዲሷ ከቦርሳዋ ትልቅ ወረቀት አውጥታ ዘረጋች። "ይኸው፣ ከላይ የተነሳ ፎቶ።"

እማማ ሳሙና ተቀብለው አዩት። አንድም ነገር አልገባቸውም። ቢሆንም ግንባራቸውን ቋጥረው፣ እንደሚያነብ ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጉ።

"መቼ ነው የተነሳው?"

"ባለፈው ክረምት፤ ዝናቡ ገና እንዳባራ።"

"እና በዝናብ ልብስ የሚያሰጣ እብድ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

መሐንዲሷ ወረቀቱን አየች። ቀና ብላ ሜዳውን አየች፦ ከዳር እስከ ዳር አንሶላ፣ ቱታ፣ የሕፃን ቁምጣ፣ የእንቁላል ሻጯ አበባ አበባ ያለበት ሽርጥ፣ ከነፋሱ ጋር እየተደባደበ።

"ይህን ማንም አልነገረንም" አለች።

"ማንን ጠየቃችሁ?"

"የምንጠይቀው ዛሬ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። የከተማው የሃያ ዓመት ፕላን ነው እማማ፤ ነዋሪው ካልተናገረ እንዳለ ነው የሚጸድቀው። ይምጡ፣ በሞቴ።"

"ሃያ ዓመት!" አሉ እማማ ሳሙና። "እኔን የሚያሳስበኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚደርቀው አንሶላ ነው።" እንዲህ ይበሉ እንጂ ስምንት ሰዓቷን በልባቸው ይዘው የትከሻቸውን አንሶላ ሰቀሉ። ሳፋቸውን አንስተው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞር አሉ። "ገመዱን እንዳትነኪ። ዘንግሽን እስክመለስ ተውሼዋለሁ።"

ቤት ሲደርሱ ሾፌሩ ልጃቸው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አርጥቦ አበጥሮ ጠበቃቸው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው ጎን፣ የሚኒባሷ ሁለት ስፖኪዮዎች ተቀምጠዋል። ባትሪው አልጋው ሥር ነው። ሚኒባሷ የምታድረው ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ልጅየው ማታ ማታ የሚፈታ ነገሯን ሁሉ ፈትቶ ይዞ ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት መልሶ ይገጥማል። ዛሬ ከሥራ ስለቀረ ሳይገጥም አርፍዷል።

"እማዬ፣ ደስ የሚል ወሬ አለ!"

"ልታገባ ነው?"

"ኧረ እሱን ተይው። ፓርኪንግ ሊሠራልን ነው! የሾፌር ማኅበሩ አንድ ሳይቀር ዛሬ አዳራሽ ይገባል።"

"የት ነው የሚሠራው?"

ልጅየው ዳቦ ቆረሰ። ረጅም ጊዜ አላመጠው።

"ማስጫው ጋ" አለ።

"ማስጫው ጋ ነው፣ ማስጫው ላይ?"

"እማዬ፣ እስኪ ፍረጂኝ። በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ስፖኪዮ ተሰርቄአለሁ። ሰው ሚስቱን አቅፎ ያድራል፣ እኔ ባትሪ አቅፌ አድራለሁ።"

"ለዚያ ነው ሚስት የምትሸሽህ፤ ግራሶ ግራሶ ትሸታለህ።" እማማ ሳሙና ተቀመጡ። ስፖኪዮው ውስጥ ፊታቸውን ድንገት አይተው ወዲያ ገፋ አደረጉት። "ስማ። መንጃ ፈቃድህ የወጣው በዚያ ገመድ ነው።"

"ይጠፋኛል እንዴ? ታዲያ እስከ መቼ ልታጥቢ ነው? እጅሽን እስኪ እዪው።"

"እጄን ተወው። እጄ አንተን ጠይቆህ ያውቃል?"

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለቱም ተነሥተው ወጡ፤ ልጅየው በመንገዱ በቀኝ ጠርዝ፣ እናትየው በግራ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስል። መኪና የሚበዛበት ማቋረጫ ጋ ሲደርሱ ልጅየው መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ፤ አሻገራቸው፤ ከዚያ ወደየጠርዛቸው ተመለሱ።

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። መሐል ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተገጣጥሞ አልጋ የሚያህል ካርታ ተዘርግቶበታል። ሾፌሮቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ከፊት፣ እማማ ሳሙና ከተቀመጡበት በስተቀኝ፣ እንቁላል ሻጯ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በስተግራ ራሱ አንድ ፀጉር የሌለው ፀጉር አስተካካይ አለ። ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ መቀስ እያንጫጫ ሲያወራ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

የፕላን ክፍል ኃላፊው፣ ክራቫት አንገቱን ያነቀው ሰው፣ ማይክ ያዘ። መሐንዲሷ ለየቤቱ ሦስት አረንጓዴ፣ ሦስት ቀይ፣ ቁልፍ የሚያካክሉ ክብ ተለጣፊ ወረቀቶች አደለች።

"ውድ ነዋሪዎች! አረንጓዴው ተጠብቀው መቀጠል ያለባቸውን እሴቶች፣ ቀዩ ደግሞ የማሻሻያ ጣልቃ ገብነት የሚሹ ሥፍራዎችን ያመላክታል። ካርታው ላይ ለጥፉ።"

"ምን አለ?" አለች እንቁላል ሻጯ።

"አረንጓዴ የተለጠፈበት ይተርፋል፤ ቀይ የተለጠፈበት ይፈርሳል አለ" አላት ፀጉር አስተካካዩ።

ማንም አልተጠራጠረም። እንዴትስ ይጠራጠራል? ዓምና ዋናው መንገድ ዳር ያሉ አጥሮች ላይ ቀይ ቀለም የቀቡ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ወር ሳይሞላ ዶዘር ተከተላቸው። በዚህ ከተማ ቀይ ነገር አጥሩ ላይ ያየ ሰው እቃውን ማሰር ይጀምራል። አሁንም ቀዮቹ ወረቀቶች እንደ እሳት ተፈሩ። አንዱ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ እንቁላል ሻጯ ቅርጫቷ ሥር ወሸቀች፤ ፀጉር አስተካካዩ የተቀመጠበት ወንበር ሥር ለጠፈ። እማማ ሳሙና ሻሻቸው ውስጥ አስገቡ። አረንጓዴውን ግን ሁሉም እየተጋፋ ቤቱ ላይ ይለጥፍ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ለሳሎኑ፣ አንዱን ለጓዳው፣ አንዱን ለፀጉር ቤቱ አደረገ።

እማማ ሳሙና ተራቸው ደረሰ። ካርታው ላይ ጎንበስ አሉ። ከዚያ በፊት ቤታቸውን ከላይ አይተውት አያውቁም፤ ወፍ አይደሉም። አጠገባቸው የቆመችውን መሐንዲስ "ቤቴ የቱ ነው?" ቢሏት በአንድ ጊዜ ታሳያቸው ነበር። ግን ያን ያህል ሰው እያየ! ፀጉር አስተካካዩ እያየ! የቤታቸው ቆርቆሮ ስለሚያፈስ ሰማያዊ ሸራ አልብሰውታል፤ ካርታው ላይ ሰማያዊ ነገር ፈለጉ፤ አገኙ፤ ሦስቱንም አረንጓዴ አከታትለው በአውራ ጣታቸው ደፈጠጡበትና ኮራ ብለው ተመለሱ።

ኃላፊው ካርታውን ዞሮ አየ። ፊቱ በራ።

"እጅግ ደስ ይላል! አንድም ቀይ የለም። ሰፈሩ ችግር የለበትም ማለት ነው።" ደብተሩ ላይ ጻፈ። "እንግዲያው ፕላኑ እንዳለ ይቀጥላል፤ የማሻሻያው በጀትም ችግር ወዳለባቸው ሰፈሮች ይዞራል።"

"ችግር የለበትም?" እንቁላል ሻጯ ብድግ አለች። "ትናንት ፖሉ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ አንድ ቅርጫት እንቁላል ፈጀሁ! ይኸው ጉልበቴ!"

"ታዲያ ለምን ቀይ አልለጠፉም?"

"ምን ቆርጦኝ! ልታፈርሱብኝ?"

መሐንዲሷ ኃላፊውን አየችው፤ ሕዝቡን አየች፤ ከዚያ ማይኩን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችው።

"ማንም ቤት አይፈርስም" አለች። "ቀይ ማለት እዚህ ጋ ያመናል ማለት ነው። ጉድጓድ፣ ጭቃ፣ ጨለማ፣ ምንም ይሁን፤ አስተካክሉልን ማለት ነው። ይፈርሳል ያላችሁ ማን ነው?"

የሁሉም ዓይን አንድ መላጣ ላይ አረፈ።

"ማይኩ ይቆራረጥ ነበር" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ሌላም ነገር አለ" ቀጠለች መሐንዲሷ። ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች። "ሰፈሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ሆኖ አንድም አረንጓዴ ያላገኘ ቦታ ይኸ ብቻ ነው። ማስጫው።"

ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ። የአሥራ ሰባት ቤት ልብስ ዛሬ ጠዋት የተሰጣበት ሜዳ ነው፤ ግን ሁሉም ወደ ጣሪያው ሲሮጥ ሜዳውን ያስታወሰ አልነበረም።

"ጨምሪልን! ሌላ አረንጓዴ ስጪን!" አለች እንቁላል ሻጯ።

"የለም። የታተመው ለየቤቱ ሦስት ሦስት ነው።"

ከኋላ ሾፌሮቹ ተንሾካሾኩ። አንዱ ሳል አለ፤ የደስታ ሳል ነው። እማማ ሳሙና ዘወር ብለው ልጃቸውን ፈለጉት። ልጃቸው ጫማውን ያያል።

"የኔን እነቅለዋለሁ" አሉና ተነሡ።

ካርታው ጋ ደርሰው ሰማያዊዋ ላይ ጥፍራቸውን ሲያሳርፉ መሐንዲሷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"እማማ፣ ይኸ እኮ የእርስዎ ቤት አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የገበያው ሽንት ቤት ነው።"

በሹክሹክታ ነበር ያለችው። ግን የፀጉር አስተካካይ ጆሮ የሚታወቅ ነው።

"ሰማችሁ? እትዬ ሳሙና ሽንት ቤቱን በሦስት አረንጓዴ አስጠብቀውልናል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሮቹ ወንበር ደበደቡ። እማማ ሳሙና ፊታቸው ጋለ፤ ጆሯቸው ጋለ። ግን አንገታቸውን አልሰበሩም።

"ሳቁ፣ ሳቁ" አሉ። "ነገ ሆዳችሁን ሲቆርጣችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።"

ሳቁ ዞሮ የእሳቸው ሆነ። ኃላፊው እንኳ ክራቫቱን አላላ። እማማ ሳሙና ግን አልሳቁም፤ ሦስቱን አረንጓዴዎች አንድ በአንድ ነቅለው በሦስት ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ለጥፈው ቆሙ። ቀጥሎ ያለው ነገር ከአንሶላ ክምር የከበደ ነበር። በሕይወታቸው ብለውት አያውቁም፤ ለልጃቸው እንኳ፣ ደብተሩን ይዞ እየመጣ ሲያስቸግራቸው፣ "ሥራ አለኝ" ነበር የሚሉት።

"ካርታ ማንበብ አላውቅም" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ማንም በሹክሹክታ እንዳይሰማው። "አሳዪኝ።"

የሳቀ የለም። መሐንዲሷ አመልካች ጣታቸውን ይዛ ገበያው ላይ አሳረፈችው። "ከዚህ እንነሣ። ይኸ ሽንት ቤቱ። ይኸ መንገዱ። ይኸ ፔንሲዮኑ፣ ባለ ፎቁ።"

"ቆይ፣ ቆይ!" እማማ ሳሙና ጣታቸውን ነጠቁ። "እንግዲያው ይኸ ቧንቧው ነው። ከቧንቧው ስታልፊ የዚህ የመላጣው ቤት። ከዚያ ቁልቁለቷ፤ እዚህ ጋ ነው ሳፋ ይዤ የተንሸራተትኩት። ከዚያ..." ጣታቸው በራሱ መሄድ ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእግራቸው የሄዱትን ሰፈር በጣት ለመሄድ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። "ይቺ ናት! አይ ቤቴ፣ ጥፍር እንኳ አታህልም!"

ከቤታቸው አጠገብ ማስጫው አለ፤ ምንም ያልተለጠፈበት፣ ትልቅ፣ ነጭ። ጣታቸው በሁለቱ መሐል ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን ሸፍኗል። የእሳቸው ብቻ ባዶዋን ናት።

ሦስቱንም አረንጓዴ ማስጫው ላይ ለጠፉ።

"እማዬ!" ልጃቸው ከኋላ ጮኸ። "ቤታችንስ?"

"የቤታችን ጣሪያ እዚህ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው።"

"እሺ፣ እሱ ይሁን! የኔ መኪና የት ትደር?"

እማማ ሳሙና የተዘጋጀ መልስ ነበራቸው፤ የሚለበልብ። ዋጡት። ግንባራቸው ተቋጠረ፤ የዛሬ ጠዋቱ የውሸት መቋጠር ግን አልነበረም።

"ማደሪያ ነው የምትፈልጉት?"

"ታዲያ ምን ብለሽ ነው!"

"ቀንስ የት ናት?"

"ቀንማ ሥራ ላይ ናት እንጂ።"

"ስንት ሰዓት ትወጣለች?"

"ከጠዋቱ አሥራ ሁለት።"

"ስንት ሰዓት ትገባለች?"

"ማታ፣ አንድ ሰዓት ግድም። እማዬ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ታውቂው የለም እንዴ?"

"አውቀዋለሁ። እኔስ መቼ ነው የማሰጣው?"

ልጅየው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከጎኑ ያለው ሾፌር ቀደመው፤ "ሁለት ሰዓት ላይ አሰጥተው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያነሣሉ። ሳልፍ ሁሌ አያቸዋለሁ።" ይህን ብሎ ወደ ልጅየው ዞረ። ልጅየው ሰዓቱን በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር።

"እናትና ልጅ አንድ ቤት እያደርን" አሉ እማማ ሳሙና፣ "በአንድ ሜዳ ሙሉ ቀን ተኳርፈን ዋልን። ሜዳው ሁለታችንንም ይችለናል።"

ሻሻቸው ውስጥ እጃቸውን አስገብተው አንድ ቀይ ወረቀት አወጡ። ትንሽ ተጨማድዷል። ከአረንጓዴዎቹ ጎን ለጠፉት፤ በዚያ ካርታ ላይ የመጀመሪያው ቀይ ነበር።

"ይኸ ደግሞ ለጠጠሩና ለመብራቱ ነው። ጭቃ ለአንሶላም ለጎማም አይሆንም።"

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ አየ። "አንድ ቦታ ላይ አረንጓዴም ቀይም? መመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።"

"መመሪያው ልብስ አጥቦ አያውቅማ።"

መሐንዲሷ እስክሪብቶ አውጥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ካርታው ላይ ከሜዳው ጎን ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችው፤ "ቀን ልብስ ማስጫ፤ ማታ መኪና ማቆሚያ።" የሾፌር ማኅበሩ ሰብሳቢ ጭብጨባ ጀመረ። ከዚያ ግርግር ሆነ። ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ እንቁላል ሻጯ እንቁላሎቿን የኃላፊው ወንበር ላይ ደርድራ የቅርጫቷን ሥር ትፈትሻለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ገልብጦ ቀዩን በጥፍሩ ይፍቃል። ከጓዳው ላይ አንድ አረንጓዴ ነቅሎ ማስጫው ላይ ሲለጥፍም ታይቷል፤ ማንም እንዳላየው መስሎት ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካርታው ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ።

ኃላፊው ካርታውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ "ችግር የለበትም" የሚለውን ሰረዘው።

"ረቂቁ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ይቀርብላችኋል" አለ። ማይኩን ረስቶት ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማስጫው ጋ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። መሐንዲሷ ዘንጓን ልትወስድ መጥታ አንሶላ ስታጥፍ ተገኘች፤ እማማ ሳሙና አንዱን ጫፍ አስይዘዋት።

"ሳብ አድርጊው! ኧረ በደንብ፤ ዩኒቨርሲቲ ይህንንም አላስተማሩሽም?"

"አላስተማሩኝም።" ሳበችው። "እማማ፣ እንዳላሳስትዎ ግን፣ ኃላፊው ገና አልፈረመም። አለቃም አለበት።"

"አውቃለሁ። ሦስት ወር ብሏል፤ ከተማ የሚፈርመው በስንት ዝናብ እንደሆነ አጥቼው ነው?"

ገመዶቹ ባዶ ሲሆኑ ሚኒባሷ ከታች ብቅ አለች፤ ቀስ እያለች፣ አንገቷን እንደምታሰግግ እንግዳ። ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ በቦታቸው ተገጥመዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምሰሶ መሐል ደረሰችና ቆመች። ልጅየው ወርዶ በስንዝር ለካ፤ በሌላው በኩል ዞሮም ለካ።

"አትገባም" አለ። "ለትንሽ ነው። ይቅር እማዬ፣ ዛሬም መንገድ ዳር አቆማታለሁ። ፕላኑ ሲጸድቅ ይታያል።"

እማማ ሳሙና ወደ ሦስተኛው ምሰሶ ሄደው በመዳፋቸው ያዙት። ብረቱ የቀኑን ሙቀት ይዟል። ባለቤታቸው ይህን ሲተክሉ ሸሚዛቸውን አውልቀው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ድንጋይ እያቀበሉ "ጠማማ ነው" ብለው ሦስት ጊዜ አስነቅለዋቸዋል። በአራተኛው ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የነካው የለም።

ለትንሽ ጊዜ ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አስደገፉ።

"ዲጅኖውን አምጣ" አሉ።

"እማዬ፣ የአባዬ እኮ ነው። ደግሞ አልጸደቀም።"

"እኔ አጽድቄዋለሁ። አምጣ ስልህ!" ወደ መሐንዲሷ ዞሩ። "አንቺ ዘንግሽን ይዘሽ እዚህ ጋ ቁሚ። እዚህ። ቀጥ ብለሽ፤ ጠማማ አልወድም።" ልጃቸው ዲጅኖውን ይዞ ሲመጣ በእግራቸው መሬቱን ለኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አፈሩን በተረከዛቸው ምልክት አደረጉበት። "ምሰሶው ሁለት እርምጃ ይጠጋል። ከዚህ ወዲያ አንድ ስንዝር አልጨምርም፤ ለመኪናህ ንገራት።"